ለአፓረንት የመጣችውን ልጅ ኬብል ያስነኳት

ይድረስ ለውድ አንባቢ፣

ምናልባት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነዎት፤ ምናልባት ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያስተዳድራሉ። ምናልባትም 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤቱን ያየና ከእንግዲህ ወዴት እንደሚል ግራ የገባው ልጅ ቤትዎ ውስጥ አለ። እኔ በአንድ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሃርድዌርና ኔትወርክ አሰልጣኝ ነኝ። የማሠለጥናቸው ልጆች አብዛኞቹ 17 እና 18 ዓመታቸው ነው። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ከመጠየቄ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ።

እኛ አገር «ቴክኒክና ሙያ ገባ» ሲባል የተናጋሪው ድምፅ ዝቅ ይላል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልጆቹን ለሁለት ሲከፍል ኖረ፤ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ 10+1 እና 10+2። ሙያ የሚባለው ነገር የቀረ ልጅ የሚሄድበት ቦታ ሆኖ በሰው ልብ የተቀመጠው ያኔ ነው። በ2000 ዓ.ም. አዲስ ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጥቶ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ያለው አሠራር መጣ። የ10ኛ ክፍሉ ፈተናም ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀረ። ስሜቱ ግን እስካሁን አለ። በምዝገባ ሰሞን ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ሲያናግሩኝ በጣም አዝናለሁ።

ቁጥሩን ይመልከቱልኝ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ከቀሩት የተወሰኑት በሪሚዲያል ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ የሚበዙት ግን አይገቡም። ከ100 ልጅ 95 ያህሉ «ወደቀ» በተባለበት አገር የወደቀው ልጁ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ለማንኛውም እነዚህ ልጆች የአገሪቱ ብዙኃን ወጣቶች ናቸው። መብራት የሚቀጥለው፣ ብረት የሚበይደው፣ የባንኩን ኔትወርክ የሚጠግነው ከነሱ መሐል ነው የሚወጣው።

ከነዚህ ውስጥ በርካታው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ይመርጣል። ወላጆችም «ቢሮ ተቀምጣ እንድትሠራ» ይሉኛል። ሥራው እንደዚያ እንዳልሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። መሰላል ላይ ይወጣል፤ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፤ አቧራ የጠጣ ፓወር ሰፕላይ ይፈታል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከሚበላሽ ማሽን ጋር ይታገላል። ዌብና ዳታቤዝ የሚማሩት ከመሰላሉ ይድናሉ እንጂ የነሱም ሥራ የሰው ችግር እየሰሙ ሳይሰለቹ ደጋግሞ መሞከር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገርዎ፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውምና። ልጁ በሙያ ደረጃው ውስጥ የተዘረዘሩትን ብቃቶች አንድ በአንድ ይሠለጥናል። ከስልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የታሰበው። ከተግባሩ ጉልህ ድርሻ ያለው ደግሞ በኮሌጁ ግቢ ሳይሆን በእውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ መሠራት አለበት። ይህን የትብብር ስልጠና እንለዋለን፤ ልጆቹ «አፓረንት ወጣን» ይሉታል። በመጨረሻ ሲኦሲ የሚባለው ምዘና አለ። መዛኙ ያስተማረው አሰልጣኝ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። መቶኛ የለውም፤ ከክፍል ስንተኛ ወጣህ የለውም። መዛኙ የሚጠይቀው ያንን ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይስ አትችልም ብሎ ነው።

እኔ በዚህ አሠራር አምናለሁ። አፌን ሞልቼ የምናገረው ነው። በትምህርት ቤት ዘመኗ ሁሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ የሞተ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ፣ አንዱን ራም ነቅላ ሌላውን ሰክታ፣ የጩኸቱን ዓይነት ሰምታ «ሜሞሪው ነው» ስትል አይቻለሁ። ያቺን ልጅ የምርጫ ጥያቄ ፈተና በሕይወቷ አያገኛትም ነበር። ችግሩ ያለው በአሠራሩ መሐል ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኮሌጁ ብቻውን ሊደርስበት አይችልም። አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይዎ።

የኔትወርክ ኬብል ሲሰነጠቅ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች ናቸው፦ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ቡናማው፤ እያንዳንዱ ከነጭ-መሳዩ ጓደኛው ጋር። ጫፉ ላይ ፕላስቲኩን መሰኪያ ለመግጠም ጥንዶቹ ይፈቱና በሥርዓት ይደረደራሉ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ልብ ይበሉ፤ አረንጓዴው ጥንድ አንዱ ሦስተኛ፣ ሌላው ስድስተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ሰማያዊው መሐላቸው ይገባል። ጀማሪ ልጅ ይህ አይጥመውም። አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን፣ ሰማያዊዎቹን ጎን ለጎን ያደርጋል፤ ለዓይንም ያማረ ይሆናል። ሁለቱንም ጫፍ በዚያው ሥርዓት ይገጥምና ቴስተሩ ላይ ይሰካዋል። መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በተራ ይበራሉ፤ አንድም አይዘልም። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነውና። በላብራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮችን በአጭር ኬብል ሲያገናኝም ይሠራል። ልጁ ደስ ይለዋል።

ያንኑ ኬብል በእርስዎ መሥሪያ ቤት ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ 60 ሜትር ያህል ቢዘረጋው ሌላ ታሪክ ይሆናል። ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፋይል መላክ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ይቆማል። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት የአንዱ ጥንድ ምልክት ወደሌላው እንዳይሾልክ፣ ከውጭ የሚመጣም ረብሻ እንዳይገባ ነው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ አንድ ላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ልጁ ግን ተጣምረው ያልመጡ ሁለት ሽቦዎችን እዚያ አስገብቷል። በአጭር ርቀት ጉዳቱ አይታይም፤ ርቀቱ ሲጨምር ይታያል። የሚገርመኝ፣ ይህን በሰሌዳ ላይ ስዬ አስረድቼ፣ አስጽፌ፣ ጠይቄ፣ በትክክል መልሰውልኝ እንኳ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ አይገባም። የሚገባቸው አንድ ቀን የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ «ዛሬም ተቋረጠ» ብላ ስትቆጣ፣ እነሱ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲመላለሱ፣ ቴስተሩ «ደህና ነው» ሲል ኔትወርኩ ግን ደህና ሳይሆን ሲቀር ነው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ያቺን የተቆጣች ሠራተኛ ልፈጥርላቸው አልችልም። ስድሳ ሜትር ኬብል ለሁሉም ልገዛላቸውም አልችልም። ሁለቱም ያሉት እርስዎ ዘንድ ነው።

ታዲያ አፓረንት ሲወጡ ምን ያጋጥማቸዋል? ከዓመት ዓመት የማየው ነገር ይመሳሰላል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ልጆቻችንን በደስታ ተቀብሎ ወሩን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ አስቀመጣቸው። በሌላ ቦታ ፋይል ከአንዱ ቢሮ ወደሌላው ያመላልሱ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጸሐፊዋ ጎን ወንበር ይሰጣቸውና ስልክ እንዲያነሱ ይደረጋሉ፤ ሰርቨር ክፍል ሰው ሲፈለግ ወንዱ ልጅ ይጠራል። አብረው የሠለጠኑ፣ አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸው ልጆች ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ ወንዱ ስለ ስዊች ሲያወራ እሷ ዝም ትላለች። ሰዎች ደግሞ «ሴቶች ለሃርድዌር ፍላጎት የላቸውም» ይላሉ። ፍላጎቱ እንዴት ይምጣ? የደብዳቤዬን ርዕስ በሴት ጾታ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ፈርተው ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። የማያውቁት የ17 ዓመት ልጅ ዳታዎ ያለበትን ማሽን ቢነካ ምን ያመጣል? የአይቲ ባለሙያዎም አንድ ሰው ነው፤ ራሱ ሥራ በዝቶበት ልጅ የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሰጥ ልንገርዎ፤ ሰርቨርዎን ይክፈቱላቸው አልልም።

መጋዘን ውስጥ የተከመሩ፣ «ሞተዋል» ተብለው የተመዘገቡ ኮምፒውተሮች አሉዎት። እነሱን ይስጧቸው። ከአምስት የሞቱ ማሽኖች ሁለቱን ማስነሳት ለሠልጣኝ ከምንም መጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ነው፤ ለእርስዎም ሁለት ኮምፒውተር ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት የኔትወርክ ሶኬቶች የትኛው ከየትኛው የስዊች ቀዳዳ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ወረቀት አለዎት? ብዙ መሥሪያ ቤት የለውም፤ የዘረጋው ሰው ከሄደ በኋላ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ቁጥር ለጥፈው፣ በወረቀት ስለው ሊሰጡዎ ይችላሉ። ይህ ሥራ የማንንም ዳታ አይነካም፤ በቀጣዩ ብልሽት ቀን ግን ዋጋውን ያዩታል።

ፍላሽ ዲስክም አለ። አንዷ ሠራተኛ ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቿ ጠፍተው የሾርትከት ምልክት ብቻ ይታያታል። ደንግጣ ፎርማት ልታደርገው ነው። ፋይሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሠልጣኟ ያንን መስመር በቃሏ ታውቀዋለች። የማታውቀው ግን ለደነገጠ ሰው «አይዞዎት፣ ምንም አይንኩት፣ መጀመሪያ ኮፒ ላድርገው» ብሎ መናገርን ነው። ይህ በየትኛውም የሙያ ደረጃ ሰነድ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍም፣ የሚለመደው ከሰው ፊት ሲቆሙ ነው።

አንድ ደግሞ የእኛን ፊደል የሚመለከት ሥራ አለ፤ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በየመሥሪያ ቤቱ የድሮ ደብዳቤዎች፣ መመሪያዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፈው ተቀምጠዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጡት። ያኔ የተለመደውም ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ ብዙ ዓመት ቆየ። ስለዚህ ያ ፎንት የሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ይመጣል። ሰዎች «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ይተዉታል። አልተበላሸም። የትኛው ፎንት እንደሆነ ለይቶ መጫን፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ቃል በቃል ማመሳከር ይፈልጋል፤ በቅየራው ፊደል የሚሳሳትበት ጊዜ አለና። ይህን ሥራ አሜሪካን አገር የተዘጋጀ ኮርስ አያስተምርልንም። የአንድ ወረዳ የሃያ ዓመት ማኅደር በሁለት ሠልጣኝና በአንድ ታጋሽ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊድን ይችላል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል፤ የማዳን ሥራ ነውና።

የሕጉን ነገርም ያስታውሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ይላል። ሠልጣኝ ቅጥረኛ ባይሆንም ይኸው ልክ ለእሱም ይገባዋል። «ዛሬ ማታ ሲስተም እንቀይራለን፣ እናንተም ቆዩ» ብሎ የ17 ዓመት ልጅን እኩለ ሌሊት ወደ ቤት መላክ ደግነት አይሆንም። ከሕጉ ሌላ ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር፦ የተከፈተ ፓወር ሰፕላይ ከመብራት ቢነቀል እንኳ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ ያለ ባለሙያ አያስነኳቸው።

አሁን ወደ ወላጅ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ ስለ ሌሎች የምስክር ወረቀቶች ትጠይቁኛላችሁ። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና በነጻ ነው፤ ምዝገባው ክፍት ከሆነ፣ ልጁም ስልክና ኢንተርኔት ካለው ይሞክረው፤ ምን እንደሚወድ ይለይበታል። የሥራ ብቃት ማረጋገጫ አድርጋችሁ ግን አትያዙት። የሲስኮው ሲሲኤንኤ ሌላ ነገር ነው፤ በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ፈተና ነው። ከ13 እስከ 17 ያለ ልጅም በወላጅ ፈቃድ መፈተን ይችላል። ክፍያው ግን 300 ዶላር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም መታደስ ይፈልጋል። ብሩ ዋጋው ካሽቆለቆለ ወዲህ ይህ ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል። የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ልጁ ደረጃ 3 ወይም 4 ጨርሶ፣ ሲኦሲውን አልፎ፣ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ራሱ በሠራው ገንዘብ ይፈተን። ሳይሠራ በሽምደዳ ያለፈ ልጅ ወረቀቱን ይዞ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቸገር ያሳዝናል።

ጀርመን ዘመድ ያላችሁ አውስቢልዱንግ የሚባለውን የሙያ ስልጠና ሰምታችኋል። እዚያ ፋኽኢንፎርማቲከር የሚባል የኮምፒውተር ሙያ ስልጠና እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። ወጣቱ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፤ ሦስት ዓመት ያህል ከፊሉን ጊዜ በሙያ ትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በድርጅቱ ያሳልፋል፤ በየወሩም ይከፈለዋል። የመጨረሻ ምዘናው ላይ አንዱ ክፍል በዚያው ድርጅት ውስጥ የሠራውን እውነተኛ ፕሮጀክት ጽፎ አቅርቦ በመዛኞች ፊት ማስረዳት ነው። የኛንም አሠራር ሲያዘጋጁ የጀርመን ባለሙያዎች አግዘዋል፤ ሐሳቡ ይዛመዳል። ልዩነቱ ያለው ድርጅቱ ላይ ነው። እዚያ ድርጅቱ ልጁን እንደራሱ የነገ ሠራተኛ ስለሚያየው ጊዜ ያጠፋበታል። እኛ ጋ ድርጅቱ የኮሌጁን ደብዳቤ እንደ ትብብር ጥያቄ ነው የሚያየው፤ ማኅተም አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚያ ልጆቹን ይረሳቸዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የኮሌጅ ደብዳቤ ይዘው ሁለት ልጆች ቢሮዎ ሲመጡ ከመቀበልዎ በፊት አንድ ሰው ይመድቡላቸው። የአይቲ ኃላፊ ባይኖር እንኳ ማሽኖቹን የሚያውቅ፣ የማይቆጣ ሰው ይበቃል። ለዚያ ሰው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከሌላ ሥራው ይቀንሱለት፤ ካልቀነሱለት ልጆቹን እንደ ሸክም ነው የሚያያቸው። የልጆቹን የሙያ ደረጃ ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር አያይዘን እንልካለን፤ ከዝርዝሩ ውስጥ እርስዎ ጋ የሚሠራውን ይምረጡና የቀረውን «እኛ ጋ የለም» ብለው ይጻፉልን። ያን ካወቅን ሌላ ቦታ እንፈልግላቸዋለን።

በመጨረሻ የምንልከው የግምገማ ቅጽ አለ። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ሁሉም ሣጥን ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ልጆቹን ላለመጉዳት። እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። ሳትሞክር የቀረች ልጅ «ብቁ» ተብላ ከሄደች ሲኦሲ ላይ ትወድቃለች፤ ሲኦሲውን ብታልፍ ደግሞ የመጀመሪያ ቀጣሪዋ ፊት ትወድቃለች። «ኬብል መግጠም ላይ ገና ነች» ብለው አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ አስገብቼ አሠራታለሁ። ቅጹ ግርጌ ላይ የአሰልጣኙ ስልክ ቁጥር አለ፤ መጻፉ ከከበደዎ ይደውሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሃርድዌርና ኔትወርክ አሰልጣኝ